የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሙላ ላይ የተወለደች ልጅ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ታሚል ነው፤ የምንኖረውም ቼናይ ነው። ሴት ልጃችን እዚሁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተወለደች። አማቴ የሰፈሩን ቤተ መቅደስ ካህን ፓንቻንጋም (የህንዶች የቀንና የከዋክብት መቁጠሪያ መጽሐፍ) አስገልጠው «ኮከቧ ሙላ ነው» ከተባሉ ወዲህ ፊታቸው ጠቁሯል። እኔ በስልኬ ፕሮግራም ባሰላው ግን «ኡታራ አሻዳ» ይለኛል። ገጹን ልኬላችኋለሁ። የቱን ልመን? ሙላ ከሆነስ የሚያስፈራው ምንድን ነው? ስሟንስ በምን ፊደል እናውጣ?
እናት፣ ከቼናይ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችዎ። ስሌቱን እናስቀድምና ወደ ፍርሃቱ እንመለሳለን፤ የከበደዎት እሱ እንደሆነ ከደብዳቤዎ ገብቶኛል።

በህንድ ኮከብ ቆጠራ የልደት ኮከብ የሚባለው፣ ሰው በተወለደበት ሰዓት ጨረቃ የነበረችበት የሰማይ ክፍል ነው። ጨረቃ የምትዞርበት የ360 ዲግሪ ክብ 27 ቦታ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ናክሻትራ ይባላል፣ ስፋቱም 13 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ነው። ጨረቃ ክቡን በ27 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ ስለምትጨርሰው፣ በአንዱ ናክሻትራ አንድ ቀን ያህል ትቆያለች። በጥንቱ ተረት ጨረቃ ወንድ ነው፤ 27ቱም የዳክሻ ሴት ልጆች፣ የእርሱ ሚስቶች ናቸው። ሮሂኒን አብልጦ ስለወደደ አማቱ ረገመው፤ ከዚያ ወዲህ እየከሳ እየወፈረ ይኖራል። ይህን ተረት እወደዋለሁ፤ ሮሂኒ የተባለችውም ቀላ ያለችው ደማቅ ኮከብ አልዴባራን ስለሆነች፣ ጥርት ባለ ሌሊት ጨረቃ ስትጠጋት በዓይን ይታያል።

አሁን ወደ ላኩልን ገጽ። ፕሮግራሙ ጨረቃን 275 ዲግሪ ላይ አስቀምጧል። ይህ የምዕራባውያን አቆጣጠር ነው፤ እነርሱ መቁጠር የሚጀምሩት በመጋቢት ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ፀሐይ ካለችበት ነጥብ ነው። ነጥቡ ግን አንድ ቦታ አይቆምም። የምድር ዘንግ ቀስ ብሎ ስለሚዞር በ72 ዓመት አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ህንዶቹ የሚቆጥሩት ከቋሚዎቹ ከዋክብት ተነስተው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አያናምሳ ይባላል፤ በአሁኑ ጊዜ 24 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። ልኩ ላይ ብዙ ክርክር ነበረ። በፊዚክስ ሊቁ በሜግናድ ሳሃ የተመራው የህንድ የዘመን አቆጣጠር ማሻሻያ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1955 ባቀረበው ሪፖርት፣ ስፓይካ የምትባለውን ኮከብ ቺትራን መለኪያ አድርጎ ወሰነ። በኮሚቴው ጸሐፊ ስም ላሂሪ የሚባለው ይህ ነው፤ ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመውም ይህንኑ ነው።

ከ275 ላይ 24 ሲቀነስ 251 ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ 18 ናክሻትራዎች 240 ዲግሪ ላይ ያበቃሉ፤ 19ኛው ሙላ ከዚያ ተነስቶ እስከ 253 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ይደርሳል። ልጅዎ ሙላ ናት። 24ቱ ሳይቀነስ ከቀረ 275 የሚወድቀው 21ኛው፣ ኡታራ አሻዳ ላይ ነው፤ ስልክዎ ያሳሳተዎት በዚህ ነው። በፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ «ሳያና» (የምዕራባውያኑ አቆጣጠር) የሚለውን «ኒራያና» (የህንዶቹ) አድርገው ላሂሪን ይምረጡ። ሰዓቱንም አደራ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፕሮግራሙ 2 ሰዓት ተብሎ ነው የሚሞላው። ጨረቃ በስድስት ሰዓት ከ3 ዲግሪ በላይ ስለምትሄድ፣ 8 ብለው ከሞሉ ልጅቷ 254ን አልፋ ቀጣዩ ናክሻትራ፣ ፑርቫ አሻዳ ትሆንብዎታለች። ቀኑም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆን አለበት።

ስለዚህ አማትዎ ኮከቡን አልሳቱም። የሳቱት ፍርሃቱን ነው።

በታሚል አገር «ወንድ ሙላ ይነግሣል፣ ሴት ሙላ ታፈርሳለች» የሚል ብሂል አለ። ሙላ ላይ የተወለደች ሴት በባሏ አባት ላይ ክፉ ታመጣለች ይባላል፤ በዚህ ምክንያት ትዳራቸው የተሰናከለ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። የሙላ ባለቤት ኒሪቲ የጥፋት አምላክ መሆኗ፣ ምልክቱም የተነቀለ የሥር እስር መሆኑ ፍርሃቱን አባብሶታል። እኔ ፓንቻንጋም ማንበብ የተማርኩት ማዱራይ ውስጥ ከአንድ አዛውንት ነው። እሳቸው ሰው ሲመጣ አስቀድመው የሚጠይቁት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ነበር። የተወለደው ወንድ ይሁን ሴት አይጠይቁም፤ ጨረቃ ያለችበትን ለማግኘት አያስፈልግምና። እንግዲህ ለወንዱ ዙፋን፣ ለሴቷ እርግማን ከየት መጣ? ሰማይ ላይ የለም። ያመጡት ሰዎች ናቸው።

ለአማትዎ ግን ይህን ብቻ ቢነግሯቸው ላይሰሙ ይችላሉ፤ በራሳቸው ሕግ ያነጋግሯቸው። እያንዳንዱ ናክሻትራ ፓዳ በሚባሉ አራት ሩቦች ይከፈላል፤ አንዱ 3 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ነው። ልጅዎ ከሙላ መጀመሪያ 11 ዲግሪ ሄዳለች፤ አራተኛው ፓዳ ውስጥ ናት ማለት ነው። ጥንታውያኑ መጻሕፍት የሚያስጠነቅቁት በይበልጥ ስለ መጀመሪያው ፓዳ ነው፤ አራተኛውን መልካም ይሉታል። በዚያው በታሚል አገር የዝንጀሮ መልክ ያለው አምላክ የሃኑማን ልደት የሚከበረው በማርጋዚ ወር በሙላ ቀን መሆኑን አማትዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። በናቫራትሪ በዓልም የዕውቀት አምላክ የሆነችው ሳራስዋቲ የምትጠራው በሙላ ቀን ነው፤ ቪጃያዋዳ በሚገኘው የካናካ ዱርጋ ቤተ መቅደስ በዚያ ቀን ተማሪዎች ይጎርፋሉ። ዕውቀት የሚለመንበት ቀን ለተወለደች ልጅ እንዴት መርገም ይሆናል? ልጅዎ መጀመሪያው ፓዳ ላይ ብትሆንም ኖሮ ምክሬ አይለወጥም ነበር፤ ኮከብ የማንንም አባት እንደማይገድል በሙሉ ልቤ አምናለሁ። ልጅቷ ነፍስ ስታውቅ ይህን ብሂል ከቤተሰቧ አፍ እንዳትሰማ አባቷ ከወዲሁ ቃል ያስገቡ። ሥራው የእርስዎ ብቻ መሆን የለበትም።

ስለ ስም ጠይቀውኝ ነበር። ለሙላ የተመደቡት ፊደላት ዬ፣ ዮ፣ ባ እና ቢ ናቸው፤ ለአራተኛው ፓዳ «ቢ»። ግዴታ አይደለም፤ ለሥርዓት አንድ ስም፣ ለትምህርት ቤት ሌላ የሚያወጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ፕላኔቶች በየተራ በሰው ዕድሜ ላይ የሚነግሡበት፣ ዳሻ የሚባለው የ120 ዓመት ዑደትም በሙላ ለተወለደ ሰው ኬቱ በሚባለው የጥላ ፕላኔት 7 ዓመት ይጀምራል፤ ለልጅዎ የቀረው ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር ትንሽ በለጥ ይላል፤ ቀጥሎ የቬኑስ 20 ዓመት ይገባል።

ጥያቄ፦ የተወለድኩበትን ሰዓት አላውቅም። የባሕርይ መግለጫዎቹን ሳነብ ግን ሮሂኒ እመስላለሁ። ሮሂኒ ነኝ ልበል?
ተማሪ፣ ከፑኔ

መልስ፦ አይበሉ። የሮሂኒን መግለጫ አንብቦ «ይህስ እኔን አይመስልም» የሚል ሰው ብዙም አላየሁም፤ ውበት ወዳድ፣ ጨዋ፣ ተወዳጅ ይላልና። የላኩልኝን ቀን ፓንቻንጋም ስመለከት ጨረቃ እስከ ቀትር ክሪቲካ፣ ከቀትር በኋላ ሮሂኒ ነበረች። ስለዚህ ደቂቃው አያስፈልግዎትም፤ ጠዋት ነበር ወይስ ማታ የሚለው ይበቃዎታል። እናትዎን፣ አክስትዎን ይጠይቁ። ምጥ የያዛቸው ሲነጋ ይሁን ሲመሽ የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም። ቀትር አካባቢ ከሆነ ሁለቱንም ይዘው ይቆዩ። ዳሻ የሚሰላው ጨረቃ በናክሻትራው ውስጥ ከሄደችበት ዲግሪ ስለሆነ፣ ሰዓት ሳይጠይቅ «በዚህ ዓመት በዚህ ወር ታገባለህ» ለሚልዎት ሰው ገንዘብዎን አይስጡ።