ጥያቄያችሁን ከነሙከራችሁ ላኩት

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በማስተማር ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የቀድሞ ተማሪዎቼ በየቴሌግራም ግሩፓቸው አስገብተውኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብዬ አነባለሁ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ስለ ሶሻል ሚዲያ ምክር ስጥ ሲባል "ስልኩን ጥላችሁ መጽሐፋችሁን ያዙ" ማለት ይቀናዋል። እኔ እንዲያ አልላችሁም፤ መጽሐፉም እኮ አሁን ስልኩ ውስጥ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ስልካችሁ ላይ ጥናት ብላችሁ ከምትሠሩት ውስጥ ብዙው መሰብሰብ ነው።

የአምና ፈተና በፒዲኤፍ ይላካል፣ የሌላ ክፍል ኖት ይላካል፣ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ሊንክ ይላካል። "ለበኋላ" ብላችሁ ሴቭ ታደርጋላችሁ፤ ያጠናችሁ ያህልም ልባችሁ ያርፋል። ችግሩ ያ ዕረፍት ነው። ፋይሉ ስልካችሁ ውስጥ ገባ እንጂ እናንተ ውስጥ አልገባም።

ግሩፕ የሚጠቅመው ስትጠይቁበትና ስትመልሱበት ነው። አጠያየቅ ደግሞ አለ። ብዙዎቻችሁ የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ "እባካችሁ ይህን ሥሩልኝ" ትላላችሁ። ከደግ ሰው ሙሉ መልስ ይመጣል፤ ትገለብጣላችሁ፤ አለቀ። ከዚህ ይልቅ አንድ ልጅ እንዲህ ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ፦ "አንድ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ከ5 እጥፉ ጋር እኩል ነው። ሁለቱንም ጎን ለቁጥሩ አካፍዬ 5 አገኘሁ። መጽሐፉ ግን መልሱ 0 እና 5 ነው ይላል። 0 ከየት መጣ?" ደቂቃ ሳይቆይ አንዷ ጓደኛው መለሰችለት፦ "ለቁጥሩ ስታካፍል 0 ሊሆን አይችልም ብለህ ወስነሃል። ለ0 ማካፈል አይቻልማ! ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አምጣና ፋክተር አድርገው።"

ተመልከቱ፣ ልጁ ያቀረበው የተሳሳተበትን ቦታ ነው። ልጅቷም ሌላውን ሁሉ ትታ እዚያችው ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ፎቶ ብቻ ቢልክ ኖሮ የሚደርሰው የሷ አሠራር ነው፤ የሱ ስህተት ግን እዚያው ተደብቆ ለፈተና ይቆየው ነበር። ደግሞም ከሁለቱ የበለጠ ያተረፈችው እሷ ትመስለኛለች፤ ሰው የሚያውቀውን ነገር አጥርቶ የሚያየው ለሌላ ሲያስረዳ ነው። ስለዚህ መልስ የምታውቁበት ጥያቄ ሲመጣ "ሌላ ሰው ይመልሰዋል" ብላችሁ አትለፉት። በጠያቂ ላይ የሚስቅ ካለ ግን አድሚኑ ወዲያው ያስቁመው። አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅ ዳግመኛ አይጠይቅም፤ አይተው የፈሩትም አይጠይቁም።

ስለ ቪዲዮ ደግሞ። ሳልማን ካን የሚባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ሩቅ የምትኖር የአጎቱን ልጅ በስልክና በኢንተርኔት ሒሳብ ማስጠናት ጀመረ። ሌሎች ዘመዶቹም ሲበዙበት እ.ኤ.አ. በ2006 ትምህርቱን ዩቲዩብ ላይ መጫን ያዘ። ካን አካዳሚ የሚባለው የነፃ የኢንተርኔት ትምህርት ከዚያ የወጣ ነው። ዘመዶቹ በቀጥታ ከሚያስጠናቸው ይልቅ ቪዲዮውን እንደወደዱት እሱ ራሱ ይናገራል። አይገርመኝም። ቪዲዮ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አስተማሪን ለአራተኛ ጊዜ "አልገባኝም" ማለት ግን ያሳፍራል። እንግዲህ ጥቅሙ ማቆም መቻሉ ከሆነ አቁሙት! አስተማሪው ጥያቄውን ጽፎ ሊሠራው ሲል ቪዲዮውን አቁማችሁ መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩት። ዝም ብሎ ሲታይ ሁሉም ነገር የገባ ይመስላል።

ይህ የሽማግሌ ወግ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። ገሚሶቹ ደግመው አነበቡት፤ ገሚሶቹ ጽሑፉ ተወስዶባቸው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት በለጡ። ፈተና ደግሞ ካነበባችሁ ከ5 ደቂቃ በኋላ አይመጣም።

ለዚህ ቴሌግራም ጥሩ መሣሪያ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በፖል (በድምፅ መስጫው) ውስጥ ትክክለኛ መልስ ያለው ኩዊዝ ማዘጋጀት ይቻላል። ሦስት አራት ጓደኛሞች ሆናችሁ በየተራ ካጠናችሁት ምዕራፍ ጥያቄ አውጡ። ትክክለኛውን መልስ መጻፍ ቀላል ነው። የሚከብደው አሳሳች ምርጫዎቹን ማውጣት ነው፤ ጓደኛችሁ የት ሊሳሳት እንደሚችል ካላወቃችሁ አሳማኝ የሆነ የተሳሳተ ምርጫ አይመጣላችሁም። እኔም ፈተና ሳወጣ የሚያደክመኝ እሱ ነበር። ያለፋችሁትን ምዕራፍ ኩዊዝ ደግሞ ከሳምንት በኋላ መልሳችሁ ላኩት።

ብዙ ላይክ ያገኘ መልስ ትክክል ነው ማለት አይደለም። በተለይ "መልሱ ለ ነው" ብሎ የሚያልፈውን "ለምን?" በሉት። ከፈተና በፊት መልስ እንሸጣለን የሚሉትን ቻናሎች ውጡባቸው፤ ክርክርም አያስፈልጋቸው።

ስልኩን ከመክፈታችሁ በፊት የምትፈልጉትን ነገር ወረቀት ላይ ጻፉት። አንድ ቀመር ልፈልግ ብሎ ገብቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ የማያውቀው ሰው ሠርግ ቪዲዮ ላይ ራሱን የሚያገኝ ብዙ ነው (ወላጆቻችሁም ጭምር፣ እውነቱን ለመናገር)። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስታገኙ ዝጉት።

ግሩፑ ውስጥ ሁለት ቀን ያለ መልስ የቆየ ጥያቄ ካለ ደግሞ ሌሎቹም አልገባቸውም ማለት ነው። እሱን ይዛችሁ ክፍል ግቡና እጃችሁን አውጡ።