«ቤይል አውት» እና «ሄልፕ አውት» አንድ ናቸውን?

ጥያቄ፦ በሥራዬ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጋር በየቀኑ እጻጻፋለሁ። መዝገበ ቃላቴ ሄልፕ አውትን፣ ፒች ኢንን፣ ቺፕ ኢንን እና ቤይል አውትን ሁሉ «መርዳት» ብሎ ስለሚፈታቸው እያቀያየርሁ እጠቀምባቸው ነበር። በቅርቡ ግን አንዲት ባልደረባዬን ሪፖርት በማዘጋጀት ላግዛት ፈልጌ «አይ ካን ቤይል ዩ አውት» ብዬ ብጽፍላት ቅር ተሰኘች። ስሕተቴ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ቅር የተሰኙት ያለ ምክንያት አይደለም። ቤይል ማለት ተከሳሽ ከእስር እንዲለቀቅ ለዋስትና የሚያዝ ገንዘብ ሲሆን፣ ቤይል አውት ደግሞ ያንን ገንዘብ አስይዞ የታሰረን ሰው ማስፈታት ነው። ሰፋ ባለው ትርጉሙም ራሱን ችሎ ሊወጣው ካልቻለው ችግር፣ በተለይም ከዕዳ፣ ሰውን ወይም ድርጅትን ማውጣትን ያመለክታል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ መንግሥት ባንኮችን ከውድቀት ለማዳን እስከ 700 ቢሊዮን ዶላር ሲፈቅድ ጋዜጦች ድጋፉን የጠሩት በዚሁ ቃል ነበር። እንግዲህ እርስዎ «ላግዝሽ» ለማለት የጻፉት፣ ለእርሳቸው «ከገባሽበት ማጥ ላውጣሽ» የሚል ሆኖ ደርሷቸዋል። ይህን ቃል ተረጂው ራሱ «ዩ ቤይልድ ሚ አውት» ብሎ ለምስጋና ሲናገረው ያምራል፤ ከረጂው አፍ ሲወጣ ግን ሌላውን ዝቅ የማድረግ ጠባይ አለው። በ«አውት» ፈንታ «ኦን» ከገባም ትርጉሙ ይገለበጣል፦ ቤይል ኦን በችግር ሰዓት ሰውን ጥሎ መሄድ ነው።

የቀሩት ሁለቱ ለአማርኛ ተናጋሪ ሊከብዱ አይገባም፤ የእኛም ቋንቋ ደቦን ከመዋጮ ለይቶ ይጠራልና መዝገበ ቃላቱ በአንድ ቃል ባያልፋቸው ኖሮ ጥሩ ነበር። ፒች ኢን ከሌሎች ጋር በአንድ ሥራ ላይ በጉልበት መረባረብ ሲሆን፣ ቺፕ ኢን በአብዛኛው ለስጦታ ወይም ለምሳ ሒሳብ የድርሻን ማዋጣት ነው። ሁለቱም የሚረዳውን ሰው በመካከላቸው አያስገቡምና «ፒች ሄር ኢን» አይባልም።

እርስዎ የፈለጉት ሄልፕ አውትን ነው፤ ሥራ የበዛበትን ወይም ሰው ያነሰውን ለጊዜው ማገዝ ማለት ነው። ተውላጠ ስም ሲከተለው ከመካከል ይገባል፤ ማለትም «ሄልፕ ሄር አውት» ይባላል እንጂ «ሄልፕ አውት ሄር» አይባልም። ለባልደረባዎም «አይ ካን ሄልፕ ዩ አውት ዊዝ ዘ ሪፖርት» ብለው ደግመው ቢጽፉላቸው ያሰቡት ሳይዛባ ይደርሳቸዋል።