ያቺን የ1889 የወርቅ ዶላር ማንም በጨርቅ እንዳይነካት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የምትንከባከቢያቸው አዛውንት አረፉና ልጆቻቸው የ1889 የአሜሪካ የወርቅ አንድ ዶላር ሳንቲም በ3,500 ዶላር እንሽጥልሽ አሉሽ። ፕሩፍ ናት፣ ማለትም ለሰብሳቢዎች ተብላ በተወለወለ ማህተም የተመታች ናት ይላሉ፤ ስላብ ውስጥ፣ መርማሪ ድርጅት በሚያሽገው የፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ግን አይደለችም። እኔም ልክ እንዲህ ካለ ቤት ነው የገዛሁት። የኔዋ የ1888 ነበረች።

1. ብር ከመቁጠርሽ በፊት ተመርምራ ስላብ ውስጥ ትግባ። የሳንቲም መርማሪ ድርጅቶቹ ፒሲጂኤስ ወይም ኤንጂሲ ይመርምሯት። አባል ካልሆንሽ በተፈቀደለት ነጋዴ በኩል ይላካል። ወጪውን አንቺ ቻይው፣ ግድ የለም።

2. "እንደ መስታወት ታበራለች" ስላሉሽ አትመኚ። በዚያ ዘመን ፊላደልፊያ ባለው የሳንቲም ማምረቻ ለተራ ግብይት ከተመቱት የወርቅ ዶላሮችም ብዙዎቹ ያበራሉ። በ1889 ፕሩፍ የተመቱት 1,779 ብቻ ናቸው፣ ተራዎቹ ወደ 29,000 ይጠጋሉ። የዋጋው ልዩነት ደግሞ ብዙ እጥፍ ነው። በማጉያ መነጽር ስታያት የፊደሎቹ ሆድ ውስጥ ያለችው ጠባብ ቦታ ሳትቀር መስታወት መሆን አለባት። ባዶው ሜዳ ላይ ብዙ ጊዜ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ስስ ሞገድ አለ። እሱን ካየሽ ልብሽ ይምታ።

3. አትጥረጊያት። ይሄን አንደኛ ላይ መጻፍ ነበረብኝ።

እቁብ ደርሶኝ 4,000 ዶላር ከፈልኩ። ማታ ልጆቼ ከተኙ በኋላ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አወጣኋት። ስፋቷ 15 ሚሊሜትር ነው፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ብዙም አትበልጥም። ፊቷ ላይ እንደ ትንፋሽ ያለ ጉም ነበር። እናቴ ሰርግ በመጣ ቁጥር ሀብሏን ፒያሳ ወስዳ ታሳጥብ ነበር። ወርቅ ለኔ የሚታጠብ ነገር ነው። በመነጽሬ ጨርቅ ሦስት ጊዜ አሸት አሸት አደረግኳት። ጉሙ ጠፋ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ መብራት ስር አጋደል አድርጌ ሳያት እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ጭረቶች፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ።

ለምርመራ ላክኋት። ስትመለስ ውጤቱ እውነተኛ ፕሩፍ ናት ይላል። የደረጃ ቁጥር ግን የላትም፣ "የተጠረገች" ተብሏል። ከመቶ ዓመት በላይ ሳይነካት የቆየውን እኔ በአንድ ደቂቃ አበላሸሁት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የሳንቲም ሱቅ ወሰድኳት። ሰውዬው ከወንበሩ እንኳን አልተነሳም። መስታወቱ ላይ ጣል አደረጋትና "ከየት አመጣሃት?" አለኝ። የጠየቀበት ዓይን አሁንም ትዝ ይለኛል። ቀጥሎ "የወርቋን ዋጋ እሰጥሃለሁ" አለ። አንድ ግራም ተኩል ወርቅ እኮ ነው! የተጠረገችም ብትሆን ፕሩፍ ናት፣ ከወርቋ ብዙ ትበልጣለች። ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። በኋላ የሳንቲም ትርዒት ላይ አንድ ሽማግሌ ሰብሳቢ ቆመው ተቀበሉኝ። ጭረቷን እየጠቆሙ ጥርት አድርገው አስረዱኝና በ1,900 ገዟት። ስለዚህ የመጀመሪያው ሱቅ ሲያጣጥልሽ እሺ እንዳትዪ።

አሁን ስላብ ውስጥ ያለች የ1889 አለችኝ፣ "ካሜዮ" ተብሎ የተጻፈባት፣ ምስሏ ደብዘዝ ብሎ ሜዳዋ መስታወት የሆነ ማለት ነው። ሁለት ዓመት አጠራቅሜ ነው ያገኘኋት። ሴት ልጄ ከነስላቧ ይዛ ሳንቲሟ ላይ ያለችውን ሴትዮ የላባ ዘውድ ስታይ ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዲሲ አካባቢ ነሽ መሰለኝ። ስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ብሔራዊ የሳንቲም ስብስብ አለ፣ መግቢያው ነጻ ነው። ሂጂና ዓይንሽን አለማምጂ።

ነገ ስትሄጂ ልጆቹ "ጠርገን እንስጥሽ" እንዳይሉ ቀድመሽ ንገሪያቸው። በጣትሽ ጠርዟን ብቻ ያዢ። ፎቶዋን መብራት ስር አጋድለሽ አንሺና እዚሁ ለጥፊው፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።