ጡት ማጥባት አቁሚ ተባልሁ

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ነው። የመጀመሪያ ልጄ በተወለደች በ5ኛው ቀን ከክሊኒክ ተደውሎ፣ ከተረከዟ በተወሰደው ደም ጋላክቶሲሚያ የሚባል ሕመም ስለተጠረጠረ ጡት ማጥባቱን ዛሬውኑ እንዳቆም ተነገረኝ፤ በምትኩም ከአኩሪ አተር የተሠራ የዱቄት ወተት ታዘዘላት። ልጅቷ አልፎ አልፎ ከማስታወኳ በቀር ደህና ትመስላለች። ሊያርሱኝ የመጡት አማቴ ግን «የእናት ጡት ልጅ ይጎዳል ሲባል ሰምቼ አላውቅም» እያሉ አዝነዋል። በቀን አንዴ ብቻ ባጠባትስ? ላክቶስ የሌለው የላም ወተትስ አይሆንም? ስታድግ ምን ትበላለች?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችዎ። ከሁሉ አስቀድሞ፣ የታዘዘውን ዛሬውኑ ይፈጽሙ፤ ማረጋገጫው ምርመራ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም።

የወተት ስኳር የሆነው ላክቶስ አንጀት ውስጥ ወደ ግሉኮስና ጋላክቶስ ይከፈላል፤ ሰውነትም ጋላክቶሱን በተለያዩ ኢንዛይሞች አማካይነት ወደ ግሉኮስ ይለውጠዋል። በከባዱ የጋላክቶሲሚያ ዓይነት ጋልት የተባለው ኢንዛይም ስለማይሠራ ለውጡ መሐል ላይ ይቋረጥና የተጠራቀመው ጋላክቶስና ውላጆቹ ጉበትን፣ ኩላሊትን፣ አንጎልንና የዓይን ሌንስን ይጎዳሉ። የእናት ወተት ደግሞ ከላም ወተት ይልቅ በላክቶስ የበለጸገ ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 7 ግራም ያህል ይገኛል። ስለዚህ በቀን አንዴ ማጥባትም አይፈቀድም። ላክቶስ የሌለው የላም ወተትም መፍትሔ አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው ላክቶሱን አስቀድሞ በመክፈል በመሆኑ ጋላክቶሱ እዚያው ወተቱ ውስጥ ይቀራል።

ልጅዎ ደህና መምሰሏ አያዘናጋዎት፤ ትውከቱ ራሱ ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች አንዱ ሊሆን ይችላል። ጡጦ መጥባት እምቢ ካለች፣ ዓይኗና ቆዳዋ ቢጫ ከሆነ፣ ከወትሮው በላይ ከፈዘዘች ወይም ከደማች ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። እነዚህ ሕፃናት ኢኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ በደም መመረዝ በቀላሉ ስለሚጠቁ ሰዓታት እንኳ ዋጋ አላቸው።

አማትዎ አልሰማሁም ማለታቸው እውነት ነው። ሕመሙ እጅግ ብርቅ ከመሆኑም በላይ፣ የተረከዝ ደም ምርመራ በማይደረግበት አገር እንዲህ ያለ ልጅ የሚሞተው «ቢጫ ሆኖ» ወይም «ኢንፌክሽን ይዞት» እየተባለ ነው፤ የበሽታው ስም ሳይነሳ ይቀራል። ይህንኑ በአክብሮት ያስረዷቸው፤ ለጨቅላ ቅቤ የማላስ ልማድ ካለም ይቅር።

ተስፋም አለ። የመጀመሪያው ምርመራ መጠርጠሪያ ብቻ ነው፤ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው የኢንዛይሙ መጠን ሲለካ ዱዋርቴ የተባለው ቀላል ዓይነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምግብ ክልከላ አያሻውም። ስለዚህ ውጤቱ እስኪታወቅ ወተትዎ እንዳይደርቅ እያለቡ ያቆዩት።

ከባዱ ዓይነት መሆኑ ከተረጋገጠ ክልከላው የዕድሜ ልክ ነው። እዚህ ላይ ግን ከብዙ እናቶች ይልቅ ለእርስዎ ይቀልዎታል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ እንጀራው፣ በአጠቃላይ የጾም ማዕዳችን ወተት የለበትም። ቀደም ሲል ጥራጥሬም ይከለከል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ግን ጥራጥሬን፣ አትክልትንና ፍራፍሬን ፈቅዷል። አይብና እርጎ አይፈቀዱም። የታሸገ ምግብ ሲገዙ የወተት ዱቄት ወይም አጓት እንዳይኖርበት ያንብቡ፤ አንዳንድ የመድኃኒት እንክብሎችም በላክቶስ የሚሠሩ ስለሆኑ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። ወተት ስለማትጠጣ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ ድጋፍ ሊያስፈልጋት ይችላል።

አመጋገቡ ሕይወቷን ያድናል፤ ሁሉንም ችግር ግን አያስቀርም፤ ሰውነት ራሱም ጋላክቶስ ያመርታልና። በንግግርና በትምህርት መዘግየት ሊታይ ስለሚችል ክትትሉ ከሕፃንነቷ ይጀመር። በሴቶች ልጆች ላይ ደግሞ እንቁልጢዎቻቸው (እንቁላል የሚያመነጩት የማሕፀን ጎን ዕጢዎች) ያለ ዕድሜያቸው ሥራ የማቆም ዕድላቸው ከፍተኛ በመሆኑ፣ ለጉርምስና ስትቃረብ የሆርሞን ሐኪም ሊያያት ይገባል።

ሕመሙ ከባልዎም ከእርስዎም እኩል የሚወረስ ነው፤ ሁለታችሁም ጤነኞች ሆናችሁ ጉድለት ያለበትን ዘረመል ትሸከማላችሁ። በእያንዳንዱ ቀጣይ እርግዝና የመደገሙ ዕድል 25 በመቶ ነው። እንደገና ሲያረግዙ ለአዋላጅ ሐኪሞችዎ አስቀድመው ያሳውቁ፤ የሚወለደው ልጅ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ከመጀመሪያው ምግቡ ጀምሮ የአኩሪ አተር ወተት እንዲሰጠው ያዘጋጃሉ።