ጥያቄና መልስ፦ የእናቴ መርፌ፣ ጸበሉና የፈተናዬ ወረቀት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ልጅ ነኝ። አሁን ጤና ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ሁለት ነገር አስጨንቆኛል። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ጸበል ቦታ ያገኘቻት አንዲት ሴት «መርፌ እየተወጉ ጸበል መጠመቅ እምነት ማጉደል ነው» አለቻት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ትወጋለች፣ አንድ ቀን ትተዋለች። ሁለተኛው የራሴ ነው። አምና በባዮሎጂ ፈተና የድንቅነሽን ዕድሜ ተጠይቄ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ብዬ ጻፍኩ። ማታ ለጸሎት ስቆም ግን ሆዴ ተረበሸ። ክጄ ይሆን? ንስሐ ልግባ? እምነትና ሳይንስ አብረው ይሄዳሉ ወይስ አንዱን መምረጥ አለብኝ?

መልስ፦ ልጄ፣ ከእናትሽ ልጀምር። የአንቺ ፈተና ይቆያል፤ የእናትሽ መርፌ ግን አይቆይም። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ደውዪላቸው። ዛሬውኑ ይወጉ። ሲተዉት ስለ ቆዩም ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪማቸው ይያቸው።

ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው ሰው መርፌውን ሲተው ምን እንደሚሆን አንቺ ከእኔ በላይ ተምረሽዋል። ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ያቅተዋል። ስብ ማቃጠል ይጀምራል። ደም አሲድ ይሆናል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ይህ የእምነት ማነስ ወይም መብዛት ጉዳይ አይደለም። እግዚአብሔር ሥጋችንን የሠራበት ሥርዓት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1921 ባንቲንግና ቤስት ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊንን ለይተው አወጡ። በቀጣዩ ዓመት ጥር ወር ላይ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ተወጋና ከሞት ተረፈ። ከዚያ በፊት በዚህ ዓይነቱ ስኳር የተያዘ ሕፃን የሚጠብቀው ሞት ብቻ ነበር። እኔ ያንን ታሪክ ሳነብ የሚታዩኝ ሊቃውንቱ ብቻ አይደሉም። በየአልጋው አጠገብ ተንበርክከው ያለቀሱ እናቶችም ይታዩኛል። ያ ሁሉ ልመና ተሰምቷል እላለሁ። መልሱ በብልቃጥ ስለ መጣ መልስ አይደለም የሚል ካለ፣ እግዚአብሔርን የመልስ መንገድ ሊመርጥለት ፈልጓል።

ለእናትሽ የንጉሥ ሕዝቅያስን ታሪክ አንብቢላቸው። 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 ላይ ነው። ንጉሡ ለሞት ታመመ። ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ። ነቢዩ ኢሳይያስ ገና ከግቢው ሳይወጣ ቃል መጣለት፦ ጸሎትህ ተሰምቷል፣ በዕድሜህ ላይ 15 ዓመት ተጨምሮልሃል። እንግዲህ አስቢው። እግዚአብሔር በራሱ ቃል «አድንሃለሁ» ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ኢሳይያስ ግን ምን አለ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጡልኝ አለ። አምጥተው እባጩ ላይ አደረጉት፣ ንጉሡም ዳነ። የተስፋው ቃልና የበለሱ ጥፍጥፍ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ነቢይ አፍ ወጡ። ያቺ ሴት እዚያ ብትኖር ኖሮ ለኢሳይያስ «በለስ መለጠፍ እምነት ማጉደል ነው» ትለው ነበር?

መጽሐፈ ሲራክም ምዕራፍ 38 ላይ ስትታመም ጸልይ ይላል፤ ወዲያውም ለባለ መድኃኒቱ ስፍራ ስጠው ይላል። መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ «የተወደደው» እያለ ነው የሚጠራው። ሙያህን ተው አላለውም።

ጸበልን አሳንሼ እንዳይመስልሽ። እኔም እጠመቃለሁ፤ ጸበል ያደረገልኝን ባወራ ገጹ አይበቃም። ግን ጸበል ከመድኃኒት ጋር ፉክክር ውስጥ አልገባም። ፉክክሩን ያመጣነው እኛ ነን። ይህ ጥያቄ ለአገራችን አዲስም አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት በጀመረ ሰሞን በእንጦጦ ማርያም ጸበል ብዙ ሕሙማን ነበሩ። መድኃኒቱን እየጣሉ የሚጠመቁም ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በግልጽ ተናገሩ፦ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ እርስ በርሳቸው አይጋጩም፣ መድኃኒቱን መውሰድ ኃጢአት አይደለም። ይህን የሰሙ ብዙዎች ዛሬ ልጅ አሳድገው ድረዋል። ሳይሰሙ የቀሩም አሉ። የአንዷን ቀብር ላይ ቆሜያለሁ። የሰፈራችን ልጅ ነበረች። ፍትሐቱ ሲደረግ እናቷ «ማነው ተዪ ያላት?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። ለዚህ ነው በዚህ ጉዳይ ለስለስ ብዬ መናገር የማልችለው።

«እኔ ግን ድኛለሁ፣ መድኃኒት አያስፈልገኝም» የሚል ቢኖርስ? ደስ ይለኛል። ሄዶ ይመርመር። ጌታችን 10ሩን ለምጻሞች ሲፈውሳቸው ሂዱና ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ ነው ያላቸው። በኦሪት ሥርዓት ለምጽን የሚመረምረው፣ ንጹሕ ነው አይደለም የሚለው ካህኑ ነበር። ጌታ ራሱ የፈወሰውን ሰው እንዲታይ ላከው። እውነተኛ ፈውስ ከላብራቶሪ አይሸሽም። ሳይመረመር መድኃኒት መጣል ግን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራስን እንደ መወርወር ነው። ጌታችን ለዚያ የሰጠውን መልስ ታውቂዋለሽ፦ ጌታ አምላክህን አትፈታተነው።

አንድ ነገር ላክል፣ ብዙ ሰው ስለሚዘነጋው። ኢንሱሊን ተወግተው ሳይበሉ መዋል ራሱ አደጋ ነው፤ ስኳር ወርዶ ሰው ይወድቃል። እናትሽ ጸበል ቦታ ጾመው የሚውሉ ከሆነ ለንስሐ አባታቸው በግልጽ ይንገሩ። ፍትሐ ነገሥታችን ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ያወጣዋል። ማለዳ ይጠመቁ፣ ከዚያ በሐኪም በታዘዘላቸው ሰዓት ይብሉ፣ ይወጉ። መድኃኒቱን ከጸበሉ ዕቃ ጋር በአንድ ዘንቢል ይያዙት። አያፍሩበት።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

ሳይንስ ከውጭ የመጣ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ የሚያንኳኳ እንግዳ አድርገሽ የምታዪው ይመስለኛል። እስቲ ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ስሌታችንን፣ አስቢ። በየዓመቱ ትንሣኤ መቼ እንደሚውል የምናውቀው በሕልም አይደለም፣ በስሌት ነው። ፀሐይ ዓመቷን በ365 ቀን ትጨርሳለች፤ ጨረቃ 12 ወሯን በ354። ልዩነቱ 11 ነው። ጥንተ አበቅቴ 11 የሚባለው ይኸው ነው። ሁለቱ በየ19 ዓመቱ ይገናኛሉ፤ እርሱን ንዑስ ቀመር እንለዋለን። 2018ን ውሰጂ። እስከ ልደተ ክርስቶስ የምንቆጥረው 5500 ሲጨመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንዱን ስትቀንሺ 12 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። 12 በጥንተ አበቅቴ 11 ሲባዛ 132፣ 30 30 እየተገደፈ የሚተርፈው አበቅቴ 12 ይሆናል። 12 ደግሞ በጥንተ መጥቅዕ 19 ሲባዛ 228፣ እንዲሁ 30 30 እየተገደፈ የሚተርፈው መጥቅዕ 18 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው፤ መጡ። መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 18 እሑድ ነው፣ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 7፤ ድምሩ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ትገባለች፣ ከእርሷ ተቆጥሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ይሆናል።

ይህ ምንድን ነው? ሰማይን ማየት፣ መቁጠር፣ ስሌቱን መፈተሽ ነው። ቀመሩ የሚነገርለት ቅዱስ ድሜጥሮስ የእስክንድርያ 12ኛ ፓትርያርክ ነው፤ ጥቅምት 12 እናከብረዋለን። እንግዲህ የምንጾመውም የምንፈስከውም በስሌት ከሆነ፣ አንቺ ክፍል ገብተሽ ስትቆጥሪና ስትለኪ እምነትሽን በር ላይ አስቀምጠሽ አልገባሽም።

«መምህር፣ እዚያው ስሌት ውስጥ 7518 አሉ፤ 3.2 ሚሊዮንስ?» ትዪኛለሽ። ልክ ነሽ፣ አልሸሸውም። ዓመተ ዓለም የምንለውን አባቶች ከመጻሕፍት ትውልድ እየቆጠሩ አቆዩልን። እኛ እስከ ልደተ ክርስቶስ 5500 እንላለን። አይሁድ ከኦሪት ተነሥተው በቆጠሩት ዓለም ከተፈጠረ እስከዚያ 3761 ዓመት ነው። ሁለቱም ቆጣሪዎች ፈጣሪን ያምናሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ዘመን የምንቆጥርበት መስፈሪያ ነው እንጂ የሃይማኖታችን ምሰሶ አይደለም። ምሰሶው ጸሎተ ሃይማኖት ነው። «ሰማይና ምድርን፣ የሚታየውንና የማይታየውን በፈጠረ በአንድ አምላክ» እናምናለን እንላለን። ስንት ዓመት ፈጀበት የሚል ቃል እዚያ ውስጥ የለም። አባቶቻችን ኒቅያ ላይ ተሰብስበው ይህን ሲደነግጉ ጉዳያቸው የዓለም ዕድሜ አልነበረም።

ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ ተገኘች። ዕድሜዋ የታወቀው በዙሪያዋ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አንቺ በፈተናው የጻፍሽው የአመዱን ልኬት ነው። ተጠየቅሽ፣ የተማርሽውን በእውነት መለስሽ። ይህ ክህደት አይደለም። ለዚህ ንስሐ አያስፈልግሽም። ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል መፈጠሩን ግን አመድ አይለካውም፤ አጥንትም አይናገረውም። አንድ አስተማሪ ክፍል ውስጥ «ስለዚህ ፈጣሪ የለም» ቢልሽ፣ እርሱ በዚያች ሰዓት ከሚዛኑ ላይ ያነበበውን እየነገረሽ አይደለም። የራሱን እምነት እየነገረሽ ነው። አክብረሽ ስሚው፣ ልዩነቱን ግን ለዪ።

በእኛም በኩል ጥፋት አለ። በስልክ የሚዞረውን መልእክት ታውቂዋለሽ፤ «ሳይንቲስቶች አረጋገጡ፣ ለ10 ሰው ላኩ» የሚለውን። አብዛኛው ውሸት ነው። ኢዮብ ወዳጆቹን ለእግዚአብሔር ብላችሁ ሐሰት ትናገራላችሁን ብሎ ይወቅሳቸዋል። እግዚአብሔር በእኛ ውሸት የሚደገፍ አምላክ አይደለም። ቤልጅጋዊው ካህን ጆርጅ ለሜትር እ.ኤ.አ. በ1927 ጋላክሲዎች፣ ማለትም ግዙፍ የከዋክብት ስብስቦች፣ እየተራራቁ መሆኑን በስሌት ጽፏል፤ ዛሬ ቢግ ባንግ የሚባለው ትምህርት ከእርሱ ሐሳብ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ይህን ከኦሪት ዘፍጥረት ጋር አያይዘው ሲናገሩ ካህኑ አልወደደውም። ቅዳሴውንም ስሌቱንም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይዟል፤ አንዱን የሌላው ጠበቃ ግን አላደረገም። እኔ ይህን በጣም አከብርለታለሁ።

እናትሽን ቅዳሜ አንቺ ራስሽ ይዘሻቸው ሂጂ። አብረሽ ተጠመቂ። ስኳራቸውን የምትለኪበትን ማሽን አትርሺ። ያቺን ሴት ካገኘሻት አትጣያት፤ ቀስ ብለሽ የሕዝቅያስን ታሪክ ንገሪያት፣ ምናልባት እርሷም የተወችው መድኃኒት ይኖራል። የእናትሽን የክርስትና ስም ላኪልኝ፤ በጸሎት አስባቸዋለሁ። ሐኪሙ ምን እንዳለም አሳውቂኝ።