ረጅም ቃል ቤት የሚመታለት ከየት ይገኛል?

«ስንኜ እንደ "ተንከባለለ" ባለ ረጅም ቃል ሲያልቅ ቤት የሚመታልኝ አጣለሁ» ላልከው፦

ቤት ለመምታት (የስንኞቹ መጨረሻ በድምፅ እንዲገጥም) ብቻ ከሆነ «አለ»ም ይበቃሃል፤ የመጨረሻው «ለ» አንድ ነው። ግን ያን ያህል ተንደርድሮ የመጣ ቃል በ«አለ» ሲመለስ ጆሮ ይከፋዋል። ስለዚህ ከኋላ ሦስት ፊደል ያዝ፦ «ባለለ»። «ተንከ»ን እርሳው። በ«ባ» ቦታ ከ«ሃ» እስከ «ፓ» ራብዑን (አራተኛውን የፊደል ድምፅ) ሁሉ እየተካህ ጮክ ብለህ በል። አብዛኛው ትርጉም የለውም፤ መሃል ላይ ግን «ተማለለ»፣ «ተታለለ»፣ «ተጠቃለለ»፣ «ተንገዋለለ» ብቅ ይላሉ። «ተንጠለጠለ» ርዝመቱ እንዳያታልልህ፤ ከኋላ የሚጋራው አንድ «ለ» ብቻ ነው።

ቀጥሎ ቀለም (ቃሉ ሲነበብ የሚከፈልበትን የድምፅ ክፍል) ቁጠር። በወል ቤት (በተለመደው የግጥም ምጣኔ) አንዱ ሐረግ፣ ማለትም የስንኙ ግማሽ፣ 6 ቀለም ነው። «ተን-ከ-ባል-ለ-ለ» 5 ስለሚወስድ የሚተርፍህ 1 ነው፤ «ሰው»፣ «ልብ»፣ «ቀን» የመሰለ ቃል ፈልግለት፦

ከጋራው ጫፍ ቆሞ፣ ሰው ተንከባለለ፤
መውረድ ቀላል መስሎት፣ በዓይኑ ተታለለ።

(«በዓይኑ» ሲነበብ «ባይ-ኑ» ነው፣ 2 ቀለም።) «ድንጋይ ተንከባለለ» ብትል 7 ይሆንና ያነክሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፊደል ስለሚቆጥር ነው፤ እዚህ ሳድሱ «ን» ለብቻው አይቆጠርም፣ ጠብቆ የሚነበበው የመጀመሪያው «ለ» ደግሞ «ል-ለ» ተብሎ ይከፈላል።

ግስን በግስ ብቻ መምታት ቶሎ ይሰለቻል። ግሱን አርባው፣ ማለትም መልኩን ለውጠው፦ «ተንከባልሎ» ስትለው «ቆሎ»፣ «ውሎ»፣ «አሎሎ» ሁሉ ይመጡልሃል። ወይም አንዱን ረጅም ቃል በሁለት ቃል ምታው፤ «አልመለስም» ካልክ «ያለ ስም» አለልህ። እኔ ከሁሉም ይሄንን አስበልጣለሁ፣ ሰሚው አይጠብቀውማ።

«ወንድማችን»ን በ«ቤታችን» መምታት ግን ያው «-ኣችን»ን በራሱ መምታት ነው፤ ግንዱ ካልተመሳሰለ ቅጥያው ብቻውን ቤት አያቆምም። «ኢትዮጵያዊነት»ማ ከ«-ነት» ቤተሰቡ ውጭ የሚረባ ጓደኛ የለውም። እንዲህ ያለውን ወደ ስንኙ መነሻ ውሰደውና መጨረሻውን ለአጭር ቃል ልቀቅ። በግጥም የቃላቱን ቅደም ተከተል ገልብጠህ «ሄደ በማለዳ» ብትል ማንም አይከስህም።

ለዘፈን ከሆነ አዝማቹ በምን ድምፅ እንደሚያልቅም እይ። «ት»፣ «ክ»፣ «ቅ» ላይ ድምፅ አይጎተትም፤ ድምፃዊው «እ» ጨምሮ ያራዝመዋል፣ ያኔ የቆጠርከው ቀለም ይበዛል። «ሎ»፣ «ና»፣ «ም»፣ «ን» ይሻላሉ። «ተ»ን በ«ጠ» መምታት ዜማ ይሸፍነዋል፣ በንባብ ግን ያጋልጥሃል። «ሰ» እና «ሠ»፣ «ሀ» እና «ሐ» አያስጨንቁህ፤ ቤት የሚመታው ድምፁ ነው።