ቅድመ አያት ፍለጋ፤ ከአክስቴ ቤት እስከ ስድስት ኪሎ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሚኒሶታ ተወልደሽ ያደግሽ ነሽ። የምታውቂው የአባትሽን፣ የአያትሽንና የቅድመ አያትሽን ስም ብቻ ነው። «ከመንዝ ነው የመጡት» ከሚለው በቀር በእጅሽ ምንም ወረቀት የለም። አዲስ አበባ ስትመጪ ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ የምታገኚው ነገር ይኖር እንደሆነ ነው የጠየቅሽው። አለ። እኔም ዘሬ ከመንዝ ነው። ይህንኑ ፍለጋ አራት ዓመት ስለለፋሁበት ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

እኔ መጀመሪያ ቀጥታ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ሄድኩ። የቅድመ አያቴን ስም ይዤ ካታሎግ ሳገላብጥ ዋልኩ። ምንም አላገኘሁም። አሁን ሳስበው ማግኘትም አልነበረብኝም። ልደትና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ነው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገርም የለንም። የእኔ ስም ለልጄ የአባት ስም፣ ለልጅ ልጄ የአያት ስም ይሆንና ከዚያ በኋላ ከወረቀት ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ስም ብቻውን የትም አያደርስም። ቦታና ዘመን አብሮት መኖር አለበት።

ቦታና ዘመን ፍለጋ ወደ አክስቴ ሄድኩ። ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት። ያኔ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። «እትዬ፣ አያትዎ መቼ ተወለዱ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እኔ ምኑን አውቄ ልጄ» አሉኝ። ወሬው እዚያው ላይ ቆመ። ቡና ጠጥተን ተመለስኩ።

መንገዱን ያሳየችኝ ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። «ሰውየውን ለጊዜው ይተዉትና አገሩን ይፈልጉ» አለችኝ። እዚያ ግቢ ውስጥ፣ ጃንሆይ ለዩኒቨርሲቲው በሰጡት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። በተቋሙ ቤተ መጻሕፍት የታሪክ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ተቀምጠዋል። ቀደም ያሉት በታይፕ የተመቱ ናቸው። ስለ አንድ አውራጃ፣ ስለ አንድ ከተማ፣ ስለ አንድ ደብር፣ አንዳንዴም ስለ አንድ ባላባት ቤት ተጽፈዋል። ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ አንቺ አትቸገሪም።

የእነዚህን ጽሑፎች የመጨረሻ ገጾች በደንብ እይልኝ። ተማሪው ብዙ ጊዜ የትውልድ አገሩ ሄዶ ሽማግሌ ጠይቆ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ መጨረሻው ላይ የተጠየቁት ሰዎች ዝርዝር ይኖራል። ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ የተጠየቁበት ቦታና ቀን ይጻፋል። እኔ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የአያቴን ወንድም አገኘኋቸው። ሳላውቃቸው የሞቱ ሰው ናቸው። ጽሑፉ ውስጥ ስለ አገራቸው የተናገሩት አለ። እዚያው ወንበር ላይ እንባዬ መጣ።

ያንን ገልብጬ እንደገና ወደ አክስቴ ሄድኩ። በዚህኛው ጉዞ አልጠየቅኳቸውም፤ አነበብኩላቸው። መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ የተከፈለ ነው። ሦስቱን ስም ስጠራ «እኛማ ላሎ ነን!» አሉ፤ እንደመቆጣት ብለው። የቦታ ስሞቹን አንድ በአንድ ሳነብ ደግሞ ደብራችንን ነገሩኝ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው «አያቴ ከሰገሌ ሲመለሱ ነው አባቴ የተፀነሰው፤ የኅዳር በሽታ ሲገባ ገና ጡት ይጠባ ነበር» አሉ። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ነው። የኅዳር በሽታ፣ ያ የጉንፋን ወረርሽኝ፣ 1911 ነው። እንግዲህ አያቴ የተወለደው 1909 መጨረሻ ላይ ነው ማለት ነው። «ምኑን አውቄ» ያሉኝ ሴት እኮ ናቸው ይህንን የነገሩኝ።

ስለዚህ ትልልቅ ሰዎችን ዓመተ ምሕረት አትጠይቂ። ክፉ ቀንን (በምኒልክ ዘመን የነበረውን ታላቅ ረሃብ)፣ ዓድዋን፣ ሰገሌን፣ የኅዳር በሽታን፣ ማይጨውን፣ የጣልያንን አምስት ዓመት እያነሳሽ «ያኔ ተወልደው ነበር? አግብተው ነበር?» በይ። ቀኑን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ታገኚዋለሽ። ፈረንጆች የጻፉትን ስታነቢ ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እንደሚበልጥ እንዳትረሺ። እኔ በዚህ ተሳስቼ አንድን ሰው ከልጁ በኋላ እንዲወለድ አድርጌው ነበር።

ትውልድ ቆጠራ ላይ ትንሽ ልቆይ። በመንዝም ሆነ በጎጃምና በጎንደር፣ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ፣ የርስት መሬት የሚገኘው ትውልድ ተቆጥሮ ነው። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ከአቅኚው አባት እስከ ራሱ ድረስ ቆጥሮ ያላስረዳ ሰው በዳኛ ፊት ይሸነፍ ነበር። ስለዚህ በወጣትነታቸው ርስት የተሟገቱ ወይም አባታቸው ሲሟገት የሰሙ ሰዎች አሁንም ሳያዛንፉ ይቆጥሩልሻል። ዕድሜያቸው ግን ገፍቷል። ከቆጠራው ሁሉ በፊት እነሱን ፈልጊ። ደግሞም ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በወንዶቹ በኩል ብቻ ስቆጥር ቆይቼ፣ ላሎ ላይ ርስት ያገኘነው በአንዲት ሴት በኩል እንደሆነ ዘግይቼ ነው የደረስኩበት። ርስት ሙግት ትዝ የማይለው ሰው ካጋጠመሽ ስለ ሠርግ ጠይቂው። እጮኛሞች እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንደሌላቸው ለማረጋገጥ የሚጠራ ቆጣሪ በየአካባቢው ነበር።

ስም ራሱ ያሳስታል። በቤት የሚጠሩበት ሌላ፣ የክርስትና ስም ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚጻፈውና ተዝካር ላይ የሚነሳው የክርስትና ስም ነው። ሹመት ያለው ሰው ዛሬ ግራዝማች ሆኖ ታገኚው እንደሆን ከአሥር ዓመት በኋላ ቀኛዝማች ተብሎ ይመጣል። በፈረስ ስማቸው ብቻ የሚታወቁም አሉ፤ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደሚባሉት ማለት ነው። ካታሎግ ላይ ሀበሻ የሚገኘው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይደለም። ሐመሩ ሐ፣ ንጉሡ ሠ፣ ፀሐዩ ፀ ሌላ ቦታ በሌላ ፊደል ሊጻፍ ይችላል። ሁሉንም ሞክሪ።

ወመዘክርን አትተዪው። ቦታና ዘመን ይዘሽ ስትሄጂ ሌላ ቤት ነው የሚሆንልሽ። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ የተጀመረው በ1917፣ አዲስ ዘመን ደግሞ ጣልያን እንደወጣ በ1933 ነው። አዲስ ዘመን ላይ ዜናውን እያለፍሽ የፍርድ ቤት ማስታወቂያዎቹን እዪ። የውርስ ጉዳይ ሲሆን የሟችና የወራሾች ስም በአንድ ላይ ሊወጣ ይችላል። መታወቂያና የድጋፍ ደብዳቤ ይዘሽ ነይ። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት አስፈቅጂ። ሌላ አንድ መዝገብ ቤት «ፋይሉ የለም» ብለው ሦስት ጊዜ መልሰውኛል። አራተኛ ስሄድ በአያት ስም ሳይሆን በቦታ ስም ጠየቅኩና ወጣ።

ላንቺ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ፤ እዚያው ሚኒሶታ ነው ያለው። ኮሌጅቪል በሚገኘው በሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና መጻሕፍት ማዕከል አለ። በፈረንጅ 1973 በተጀመረ ሥራ ከኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነስተዋል። ከሸዋና ከወሎ ብዙ አለ። አንዱ ቅጂ ወመዘክር፣ አንዱ እዚያ አጠገብሽ ነው። ብዙው አሁን በኢንተርኔት፣ በነጻ ተመዝግበሽ የምታዪው ሆኗል። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ሥራ ነው። ለቤተሰብ ታሪክ የሚጠቅመው ዋናው ጽሑፍ ሳይሆን ባዶ ቅጠሎቹና ኅዳጎቹ ናቸው። ያገሬ ሰው መሬት ሲሸጥ፣ ሲያወርስ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥ ወንጌሉ ላይ ያጽፍ ነበር፤ ከነምስክሮቹ። መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስምም ከነሚስቱና ከነልጆቹ ይገባል። ደብርሽን ካወቅሽ መጀመሪያ ካታሎጉን በደብሩ ስም ፈልጊ።

የመጨረሻው ነገር ለመጻፍም ይከብደኛል። አክስቴ አንድ ቀን «ርስታችን ላሎ ነው፤ የአያቴ ማደሪያ ግን አርሲ ነበር» አሉኝ። ማደሪያ ምን እንደሆነ በደንብ አልገባኝም ነበር። የባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን «ዝክረ ነገር» አውጥቼ ስለ መሬት ሥሪት የተጻፈውን አነበብኩ። ማደሪያ በደመወዝ ፋንታ ለወታደርና ለሹም የሚሰጥ መሬት ነው። እዚያ መሬት ላይ ደግሞ ገባር አለ፤ አርሶ ግብር የሚከፍል ሰው። አርሲ ዘመዶች ያሉን ለምን እንደሆነ ገባኝ። ቅድመ አያቴ የበሉት እንጀራ የማን ላብ እንደነበረም ገባኝ። አክስቴ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት ለዚህ ነበር። ያንንም ከሰገሌው ታሪክ ጎን ጻፍኩት፤ የኛው ነውና። አንቺም ሽማግሌ ዝም ያለበት ቦታ ካጋጠመሽ አትጫኚ። ስለሌላ ነገር አውሪና ሌላ ቀን ተመለሺበት። በየቤቱ ሊነገር የከበደ ነገር አለ፤ የባርነት፣ የጉዲፈቻ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ።

አሁን ከመምጣትሽ በፊት ሁለት ነገር አድርጊ። እዚያ ካሉት ዘመዶችሽ በዕድሜ ትልቁን ሰው አግኚና ድምፁን ቅጂ። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ ደብራችን ማን ነው? የቅድመ አያቴ የክርስትና ስምስ? መልሱን ስታገኚ እዚሁ ጻፊልኝ። እኔ በወር አንድ ሁለት ጊዜ ስድስት ኪሎ ብቅ እላለሁ። ላሎ ወይም ማማ ከሆናችሁ ጽሑፎቹ የት መደርደሪያ እንዳሉ አውቀዋለሁ፤ የሽማግሌዎቹን ዝርዝር አይቼ እነግርሻለሁ።